የጎንደርን ግንብ ማን አቦካው?

በ2017 ዓ.ም. የፋሲል ግቢ እድሳት ላይ በነበረበት ሰሞን ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ የከፈተ ሰው አንድ ዓይነት ፎቶ ሳያይ አልዋለም። በአንድ በኩል ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው፣ ጠቆር ያለው፣ ሣር የበቀለበት አሮጌ ግንብ። በሌላ በኩል ነጣ ብሎ፣ ታጥቦ የወጣ የሚመስል ግንብ። ከሥሩ ያለው ኮሜንት ደግሞ የለየለት ጦርነት ነበር። ቀለም ቀቡት የሚል አለ፣ ታሪክ ጠፋ የሚል አለ፣ ኧረ ሲሠራም እንዲህ ነበር ብሎ የሚሟገት አለ።

ነጣ ያለው ነገር ኖራ ነው። ክርክሩን እኔም እንደ ሁሉም ሰው ስልኬን እየነካካሁ ተከታተልኩት። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ግን ኖራ ራሱ ምንድን ነው፣ ከየት ይመጣል፣ ማን ያቃጥለዋል፣ ማን ያቦካዋል ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙም አላየሁም። ይህ ደግሞ የኮሜንት ሰጪዎቹ ጥፋት ብቻ አይደለም። ጎንደርን የምንጎበኝበት መንገድ ራሱ እንዲህ አድርጎ ነው ያስለመደን። አስጎብኚው ፋሲል፣ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ እያለ ስም በተራ ይጠራል፤ እኛም በየደጃፉ ሰልፊ እንነሳለን። ያ 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ ግቢ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀመርበት የግንባታ ሳይት ነበር። ድንጋይ ፈላጩ፣ ኖራ አቃጣዩ፣ አናጢው፣ ብረት ቀጥቃጩ የት ገቡ?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ቤልጂየም ውስጥ ላ ሉቪዬር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቱሪስት የሚሄድላት የንጉሥ ቤት ፍለጋ አይደለም። አንደኛው መስህቧ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1917 ባለው ጊዜ የተሠሩ አራት የጀልባ ሊፍቶች ናቸው፤ ውሃ በተሞላ ግዙፍ የብረት ገንዳ ጀልባን ከነጭነቱ ከታችኛው ቦይ ወደ ላይኛው ያነሳሉ። ሌላው ቧ ዱ ሉክ የሚባል የተዘጋ የከሰል ማዕድን ማውጫ ነው፤ የሠራተኞቹ መኖሪያ ሰፈር ሳይቀር ይጎበኛል። ሊፍቶቹ በ1998፣ ማዕድኑ በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። አስቡት፣ ሰው ትኬት ቆርጦ የሚገባው የከሰል ቆፋሪ ወጥ ቤት ለማየት ነው።

እኛስ ምን አለን? የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ብቻ ከፈለግን ጎንደር ውስጥ ብዙ አናገኝም። ከራስ ዳሽን ተራራ ስሙን የወሰደው ቢራ ፋብሪካ እንኳ ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ገና ለቅርስነት አልደረሰም። ኢንዱስትሪ ማለት ግን ጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም። ዕውቀት፣ እሳት፣ ጥሬ ዕቃና ብዙ እጅ አንድ ላይ ሲገናኙ እሱም ኢንዱስትሪ ነው። በዚህ ከሄድን ጎንደር ሞልቷታል።

ከኖራው እንጀምር። የኖራ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ይገባና በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቃጠላል። ድንጋዩ ውስጥ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ቀለል ያለ፣ ነጭ፣ ቁጡ ነገር ይቀራል። ቁጡ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ ሲነካው ይንተከተካል፣ ይተናል፣ ቆዳ ላይ ካረፈም ያቃጥላል። ቁጣው ሲበርድለት እንደ ወፍራም እርጎ ይሆናል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶም በድንጋይና በድንጋይ መሀል ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው የሚደንቀው። ያ የተቦካ ኖራ በእሳት ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ፣ በወራትና በዓመታት፣ ከአየሩ መልሶ ይስባል። እንደገና ድንጋይ ይሆናል ማለት ነው። የፋሲል ግንብ እስከ 32 ሜትር ከፍታ ቆሞ የኖረው ተቃጥሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ወደ ድንጋይነቱ በተመለሰ ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ምድጃ ምን ያህል ማገዶ እንደሚበላ ስታስቡት ደግሞ ከግንቡ ጀርባ የነበሩት እንጨት ፈላጮችና ተሸካሚዎች ይታዩዋችኋል።

ይህ ሙያ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ጎንደር ከመቆርቆሯ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ ነው። ያኔ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት፣ ጎርጎራ ላይ የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በኖራ ይገነባ ነበር። በሥራው ላይ ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። ልጃቸው ፋሲለደስ ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ካህናቱን አባረሩ፣ ኖራውን አስቀሩ! ጎንደርን ዋና ከተማቸው ያደረጉት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል-ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ ተደንቆ ጽፏል፤ የሠራው ባለሙያ ህንዳዊ መሆኑንም ጠቅሷል።

ስለዚህ "ግንቡን የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው" የሚለውን የድሮ ወሬ የሚደግም አስጎብኚ ካጋጠማችሁ፣ ፋሲል ግንቡን ሲያሠሩ ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባርረው እንደነበር በትህትና አስታውሱት። "ከውጭ የመጣ አንድም ሙያ የለበትም" የሚለውን ፉከራም እንዲሁ። የህንድ ዕውቀት፣ የአገሬው ጥቁር ባዝልት፣ በየበሩና በየመስኮቱ ቅስት ላይ የምታዩት ቀላ ያለ ድንጋይ፣ የአገሬው ሰው ጉልበት፤ ሁሉም አንድ ግድግዳ ውስጥ አሉ። ለእኔ ይህ ከንጹሕነት ወሬ ይልቅ የሚያኮራ ነው።

ኖራን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ለሚል ደግሞ የሲሚንቶው ታሪክ አለ። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ግቢውን ሲጠግኑ ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ተጠቀሙ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማን ይጠላዋል? ለእንደዚህ ዓይነት ግድግዳ ግን ጠር ነው። የኖራ ግንብ ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን እርጥበት በጋ ላይ በመጋጠሚያዎቹ በኩል ያወጣል፣ ትንሽ ሲንቀሳቀስም ኖራው አብሮ ይለመጣል። ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋዋል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ጨዉ ድንጋዩን ይበላዋል፣ ስንጥቁም ከመጋጠሚያው አልፎ ድንጋዩ ላይ ይመጣል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ባለሙያዎች ሲመጡ ከሥራቸው አንዱ ይህንኑ የማይስማማ ጥገና እያነሱ ወደ ጥንቱ ቁስ መመለስ ነበር። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። የተመዘገበ ግንብ ግን ራሱን አይጠግንም። ክረምት በመጣ ቁጥር ኖራ ማቃጠል፣ ማብረድና ማቡካት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የእድሳቱ ክርክር ስለ ቀለሙ ከሆነ አንድ ሰሞን ነው። ያን ሙያ ዛሬ ስንት ወጣት ይማረዋል የሚለው ግን ከእድሳቱ በኋላም አብሮን የሚኖር ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ በሮቹ ልውሰዳችሁ፤ ግቢውን ሳይሆን በሮቹን ያነበበ ሰው ስለ ሠራተኞቹ የበለጠ ያውቃል። አሥራ ሁለቱ በሮች እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው። ፈረሰኞቹን የሚመራው ሰው ባልደራስ በር አለው፣ ነፊዎቹ እምቢልታ በር አላቸው፣ ዳኞቹ ወምበር በር። ከሁሉም እኔን የሚይዘኝ አደናግር በር ነው፤ የፈታዮች በር ይባላል። ድሮ ከዚህ በር በድልድይ ተሻግሮ ወደ ቅዱስ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ይኬድ ነበር፤ ሩፋኤል ደግሞ የሸማኔዎች ሰፈር ነበር። ጥጥ የምትፈትል ሴት የራሷ በር ነበራት ማለት እኮ ነው! ንጉሡ ለሚለብሰው ኩታ መነሻው እዚያ ነው። ለዚህ በር ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ሸማኔነት በሩፋኤል ብቻ አላበቃም። በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው፣ በንግድና በሽመና የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። የከተማዋ ገበያ ያለ እነሱ አይታሰብም ነበር።

በጣም የተረሱት ግን ቤተ እስራኤሎች ናቸው። በእርሻ አገር ርስት የሌለው ሰው መኖሪያው እጁ ነው። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ግንብ ገነቡ፣ እንጨት ጠረቡ። ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። በጎንደር ዘመን የግንበኞችና የአናጢዎች አለቆቻቸው እንደ በጅሮንድ ያለ ማዕረግ እስከ ማግኘት ደርሰዋል፤ ከተማዋ ውስጥም የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። ካይላ ሜዳ የሚለው የቦታ ስም የዚያ ትዝታ ነው፤ "ካይላ" የተባሉት እነሱ ናቸው፣ ስሙም የፍቅር ስም አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ይመራል። ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚያገኘው ከቀጥቃጭ እጅ ነው። ሚስቱ ምጣዷን፣ ድስቷን፣ እንስራዋን የምታገኘው ከሸክላ ሠሪዋ ነው። ማታ ግን ያው ቀጥቃጭ "ቡዳ" ነው፤ ጅብ ሆኖ ያድራል ተብሎ ይፈራል፣ ልጅ ከዓይኑ ይደበቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠሪን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ የአገር በሽታ ስለነበር ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ረዘመ። በቃ እውነቱን እንነጋገር፣ ዛሬም "ቀጥቃጭ" እና "ሸክላ ሠሪ" የሚሉትን ቃላት እንደ ስድብ የሚጠቀም ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ያው ሰው ግንቡ ሥር ቆሞ "ታሪኬ" ብሎ ይለጥፋል።

ሠራተኛን ከፍ አድርገው ያዩ ንጉሥ አልነበሩም ማለት አይደለም። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብለን ወደ ደብረ ታቦር ከሄድን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የአገሬውን ሠራተኛ ሰብስበው መድፍ ያስፈሱበት ቦታ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚያ ነው። መድፉ ራሱ መቅደላ ላይ ቀርቷል፣ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉን ሁሉም ያውቀዋል፤ የተፈሰሰበትን ቦታ ስንቶቻችን አይተነዋል?

ወደ ጎንደር እንመለስና፣ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደወጣችሁ ወለቃን ታገኛላችሁ። የዳዊት ኮከብ የተሳለበት ምልክት፣ ትንሽ ምኩራብ፣ በመንገዱ ዳር የተደረደሩ ጥቃቅን ሸክላዎች። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል የወጡት ወጡ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ወሰደ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ቤቶቹ ቀሩ፣ ሸክላውም በከፊል ቀረ። ዛሬ መንደሯ ውስጥ የሚሠሩት ሴቶች በአብዛኛው ከሌላ ቤተሰብ የመጡ ናቸው፤ በሴቶች ማሰልጠኛ በኩል ሙያውን የተማሩም አሉ።

አሠራሩን ቆም ብላችሁ ካያችሁ ቀኑን ሙሉ ትቆያላችሁ። የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም። ሴትየዋ ጭቃውን ትረግጣለች፣ ታሻለች፣ በእጇ ብቻ ዙሪያውን እየሳበች ታሳድገዋለች፣ በጠጠር ትወለውለዋለች፣ ከደረቀ በኋላ በሜዳ እሳት ትተኩሰዋለች። እሳቱ ከበዛ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ጥሬ ይሆናል፤ ቴርሞሜትሩ ዓይኗ ነው። የመጣ ቱሪስት ግን በብዛት የሚገዛው ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አልጋ ላይ ያሉበትን የጣት ቁመት የምታህል ቅርጽ ነው። ሽያጭ ነው፣ አልነቅፍም። ግን ጀበናውን አንስቶ የሚያይ ቢበዛ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥምቀተ ባሕሩንም በዚህ ዓይን እዩት። ሁላችንም የምናውቀው ወጣቶች ዘልለው የሚገቡበትን ቪዲዮ ነው፤ የጥምቀት በዓል በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገቡንም። ውሃው ግን ከሰማይ አይወርድም። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል፣ ገንዳውም በዓሉ ከመድረሱ አስቀድሞ ይሞላል። የፋሲል ዘመን ሰዎች ከፍታ ለክተው፣ ቦይ ቀደው፣ ውሃ በራሱ ክብደት እንዲሄድ ያደረጉበት ሥራ ዛሬም ያገለግላል። ቅጥሩን አቅፎ የያዘው የዋርካ ሥር ለፎቶ ያምራል፤ እኔ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቦዩን ተከትላችሁ ወደ ላይ እንድትሄዱ እመክራለሁ።

ፒያሳ ሌላ ነገር ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ ሲያደርጉ ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት የከተማዋን ፕላን አወጣ። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ክብ ጥግ ያላቸው ቢጫማ ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ናቸው። ቆንጆ ናቸው፤ ይህን ለመናገር መፍራት የለብንም። ፕላኑ ግን ጣሊያኑን ከአገሬው ሰው ለይቶ ለማኖር የተነደፈ መሆኑም አብሮ መነገር አለበት። ማኪያቶ የምትጠጡበት በረንዳ አንድ ጊዜ አያቶቻችሁ እንዳይቀመጡበት የታሰበ ሰፈር ነበር። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ያጣው እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት የወረደው የእንግሊዝ ቦምብ ደግሞ ግንቦቹንም አልማረም፣ የኢያሱ ግንብ ጣሪያ ምስክር ነው።

ከዚያ ዘመን የቀረው ትልቁ ሥራ ግን ከከተማው ውጪ፣ ሰሜን ላይ ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ከእሷ አልፎ መንገዱ ወልቀፊት ላይ ገደሉን ይይዝና በሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። የስሜን ተራሮች ፓርክ ለጭላዳና ለዋልያ ይጎበኛል፣ ይገባዋልም። ሊማሊሞን ግን እንደ መንገድ ሥራ የሚጎበኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከገደል የተፈለፈለ መንገድ፣ በእጅ የተደረደረ የድጋፍ ግንብ፣ ጎማ ጠርዙን እየታከከ የሚዞርበት ኩርባ። ከባድ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ ስለ ሊማሊሞ አንድ ታሪክ አለው። ማሽን ባልደረሰበት ቦታ ድንጋዩን የፈለጡትን ሰዎች ስም ግን የያዘ ሰሌዳ የለም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጎብኚ በጠፋበት ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። በመጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት። አስጎብኚው ሌላ ሥራ ፈልጓል፣ በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ሸጧል፣ የወለቃዋ ሴት ቀኑን ሙሉ አንድ ሸክላ ሳትሸጥ ትውላለች። የውጭ ቱሪስት እስኪመለስ መጠበቅ አንድ መንገድ ነው። ሌላው ግን ጥምቀትን ወይም ቤተሰብን ብሎ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር የሚሄደው የእኛው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ግንቡን አሥር ጊዜ አይቶታል፣ አዲስ ነገር ይፈልጋል። አዲሱ ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ግቢው አጠገብ አንድ የኖራ ጉድጓድና በሳምንት አንድ ቀን የሚያቦካ ግንበኛ፤ አደናግር በር ላይ አንድ ሰሌዳ ከነኪውአር ኮዱ፤ ለአስጎብኚዎች ስለ ሸማኔ፣ ስለ ቀጥቃጭና ስለ ሸክላ ሠሪ የሚናገር የግማሽ ቀን ሥልጠና። ክፍያውም ለሚሠራው እጅ ይድረስ።

ሰሌዳው እስኪተከል ድረስ ራሳችሁ ጀምሩት። ጠዋት አደናግር በር፣ ከዚያ የቀሃ ቦይ፣ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ፣ በማግስቱ ወለቃ። ወለቃ ላይ ጀበና ስትገዙ በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ በደንብ የተተኮሰ ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ግን የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለበት። ሠሪዋን ብትጠይቋት እሷው ሌላውን አንስታ ትሰጣችኋለች።